ሦስት ሜትር አቡጀዲ ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ጉዳዬ ከኑሮ ውድነቱና ከመንገዱ ወሬ ጎን ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም። ስለ ፎቶ ነው። በተለይ ሰው ፎቶ ሲነሳ ከጀርባው ስለሚሆነው ነገር።

ባለፈው ዓመት አያቴን ፎቶ ቤት ይዣት ሄድኩ። በ2014ቱ ጦርነት ቤታችንን ጥለን ስንወጣ አልበሙ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ ስንመለስ ከነሣጥኑ አጣነው። የሷ ደህና ፎቶ የነበረው እሱ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደገና ትነሳ ተባለ። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላዋን አጣፋች፣ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶውን ስንቀበል ከጀርባዋ ፏፏቴ አለ። በኮምፒውተር ቆርጠው ለጥፈውባታል። የነጠላዋ ዘርፍ አብሮ ተቆርጧል፣ ጆሮዋ አጠገብ ያለው ሽበቷም ተበልቷል። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችውና «ይሄ የት ነው?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ፎቶ አንሺውን ለመክሰስ አይደለም። እሱም ሰው የሚጠይቀውን ነው የሚሠራው፤ ፏፏቴ የሚፈልግ ደንበኛ ሞልቷል። ግን ለልጅ ልጅ የሚቀር ፎቶ ላይ ያልሄደችበት ቦታ ለምን ይኑር? ከጀርባዋ እውነተኛ ጨርቅ ቢሰቀል የነጠላዋ ዘርፍ አንድም አይጎድልም ነበር። ጨርቅ ደግሞ አገር ምድሩ ላይ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት አገር ሰዎች ነን እኮ!

ይህን ሳስብ ስለ ማሊው ፎቶ አንሺ ስለ ሰይዱ ኬይታ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ሲከፍት ከሰዎቹ ጀርባ የሰቀለው የራሱን የአልጋ ልብስ ነው። የሚያነሳውም ግቢው ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ነበር። ጨርቁን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር በኋላ የትኛው ፎቶ መቼ እንደተነሳ የሚለየው ከጀርባ ያለውን ጨርቅ አይቶ ነው። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። የአልጋ ልብስ ነው እንግዲህ።

እኔም ሰኞ ገበያ ወረድኩ። መጀመሪያ ልገዛ ያሰብኩት ነጭ ነበር፤ ሁላችንም ባክግራውንድ ሲባል ነጭ ነው የሚመጣብን። ትቼዋለሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ የአያቴ ቀሚስ ነጭ ነው፣ ነጠላዋም ነጭ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ትከሻዋ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሁለተኛውና ዋናው፣ የስልክ ካሜራ ፊቱ ሰፊ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ነገር ያጨልማል፣ ያኔ የጠይም ሰው ፊት ጠቁሮ ዓይን እንኳ ሳይለይ ይቀራል። «ፎቶ አይወጣልኝም» የሚሉ ስንቶች ናቸው፣ ጥፋቱ የግድግዳው ሆኖ ሳለ! ነጭ ግድግዳ ላይ መነሳት ግድ ከሆነ ስልኩ ላይ ፊቱን በጣት ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት።

ለእኛ መልክና ለሐበሻ ቀሚስ የሚስማማው መካከለኛ ቀለም ነው፦ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ። ቀይና ብርቱካናማ ቢያምርም ቀለሙ ጉንጭና አንገት ላይ ያንጸባርቃል። የሚያብለጨልጭ ሳቲን በፍጹም። ጥቁር የሚፈልግ ሰው ከፋይ ይግዛ፤ ብርሃን ይውጣል፣ እጥፋቱም ብዙ አይታይበትም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እኔ የወሰድኩት አቡጀዲ ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር። ለአንድ ሰው ለተቀመጠ ይበቃል። ለቤተሰብ ከሆነ ስድስት ሜትር ገዝቶ ለሁለት ቆርጦ ጎን ለጎን ማሰፋት ነው።

አዲስ አቡጀዲ አሚዶ ስላለው መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ታጠበ። ከዚያ ከጀበና የሚደፋውን አተላ አንድ ሳምንት አጠራቅሜ በትልቅ ብረት ድስት አፈላሁት፣ አጠለልኩት፣ ጨርቁን ጭምቅ አድርጌ እንደተጨማደደ ነከርኩትና አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው አንዱ ቦታ ጠቆር፣ አንዱ ቦታ ሳሳ ብሎ ደመና ደመና መስሏል። የድሮ ፎቶ ቤቶች በቀለም የሚያስሉትን መጋረጃ ይመስላል፤ ቤቱ ግን ቡና ቡና ነው የሚሸተው። ይህ ቀለም በታጠበ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፣ ሲሳሳ እንደገና መንከር ነው።

ፒያሳ አጠገብ ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ከላይ በኩል እንደ መጋረጃ ዱላ ማስገቢያ ይስፉልኝ» አልኳቸው። «መጋረጃ ነው?» «የለም፣ ከጀርባ ሰቅዬ አያቴን ፎቶ ላነሳበት ነው።» ጨርቁን በእጃቸው ዳሰሱት። «እንግዲያው ሌላ ጨምረሽ ካሰፋሽ ስፌቱ መሃል ላይ ይሁን፣ ሰው ሲቆምበት ይሸፍነዋል። ደግሞ አጥፈሽ አትውሰጂው።» እውነታቸውን ነው። ጨርቅ ሲጨማደድ ያስጠላል፣ በአራት ማዕዘን ታጥፎ የተተኮሰበት መስመር ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ፎቶ ላይ መስቀለኛ ሆኖ ይወጣል። እኔ እርጥቡን ተኩሼ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ በሚሆነው ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው።

ሲባጎ ወጥሮ መስቀል አይሆንም፣ መሃሉ ይረግባል። ቱቦ ወይም ቀጥ ያለ ቀጭን አጣና ነው የሚሻለው፣ በሁለት ምስማር ላይ ይጋደማል። ቤት የተከራየና ምስማር መምታት የማይችል ሰው በሁለት ወንበሮች መደገፊያ ላይ ሁለት አጣና ጥብቅ አድርጎ አስሮ ማቆም ይችላል፤ ወንበሮቹ ላይ ከባድ ነገር ይቀመጥባቸው። ከታች በኩል የጨርቁን ጫፍ ውሃ በሞላ ሃይላንድ መወጠር ነው። ከጎን ከጎን በልብስ መቆንጠጫ ሳብ ሳብ ይደረግ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ሰውየው ጨርቁ ላይ ተለጥፎ መቀመጥ የለበትም። ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ያኔ ጥላው ጨርቁ ላይ አይወድቅም፣ የጨርቁም ሽብሽብ ደብዘዝ ይላል። ስልኩ ደግሞ በተለመደው ካሜራ ሰፊ ነው የሚያየው፣ የጨርቁን ጠርዝና ከጎን ያለውን ቡፌ ሁሉ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ተጠግታችሁ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉት። ያኔ አንድ ሜትር ከሃምሳ ወርድ ያለው ጨርቅ ከፊትና ከትከሻ ጀርባ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በጣም ተጠግቶ ያለ ዙም ማንሳት አፍንጫን ያተልቃል፤ አያቶቻችንን አናበላሻቸው።

መብራትስ? መግዛት አያስፈልግም። ደሴ ላይ የጦሳን ተራራ ጉም ሲያለብሰው ያለው ብርሃን ከየትኛውም አምፖል ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ዓይን አያስጨፍንም። የብዙዎቻችን ቤት መስኮት ጠባብ ስለሆነ በሩን ከፍቶ ሰውየውን ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊቱን በትንሹ ወደ በሩ ዘወር አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በጨለመው ጉንጭ በኩል ነጭ ካርቶን ወይም ጋቢ የሚይዝ አንድ ልጅ ይቁም። የጣሪያውን አምፖል አጥፉት፣ ቢጫው ከውጭው ብርሃን ጋር አይስማማም። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ናት፣ ፀሐይዋ ጠንከር ይላል፤ እዚያ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብሎ፣ ሁልጊዜም ጥላ ውስጥ።

አያቴን በአንድ ጉም ባለበት ጠዋት አነሳኋት። የእህቴ ልጅ ጋቢውን ይዞ ቆመ። «ፈገግ በይ» ስላት አልሆነም፤ ከዚያ ስለ ድሮ ገበያ ስጠይቃት ራሷ ማውራት ጀመረች፣ እያወራች ነው ያነሳኋት። ከሠላሳ አንዱ ወጣ። እጇ ምርኩዙ ላይ ነው፣ የጥለቱ አረንጓዴ በቡናማው ላይ ጎልቷል፣ የነጠላዋ ዘርፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ታጥቦ ሲመጣ ብዙ አየችው። «ይሄ ቤቴ ነው» አለች።

ለከተማችን ፎቶ ቤቶች አንድ ነገር ልለምን። ኮምፒውተሩ ይኑር፣ ግን አንድ ግራጫ፣ አንድ ቡናማ ጨርቅ ግድግዳችሁ ላይ ይሰቀልና ደንበኛ ሲገባ «በጨርቁ ነው በኮምፒውተሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ሽማግሌና አሮጊት ሲመጡ። በቴሌግራም ልብስና የእጅ ሥራ የምትሸጡ እህቶቼም ዕቃችሁን ምንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ አታንሱት፤ አንድ ሜትር ጨርቅ ከግድግዳ እስከ ጠረጴዛ ሳይታጠፍ ወርዶ ሲዘረጋ የስኒ ማስቀመጫ እንኳ ሌላ ዕቃ ይመስላል።

የእኔ ጨርቅ አሁን ሰፈሩን እየዞረ ነው። መጀመሪያ ጎረቤታችን ለልጃቸው ክርስትና ወሰዱት፣ ቀጥሎ ከማዶ ያሉት ለኒካህ። ዛሬ ደግሞ የምትመረቅ ልጅ ቤት ነው፤ ቱቦውን ጭምር ነው የሰጠኋት፣ አጥፋ እንዳትመልስልኝ። እሑድ ሲመለስ ይታጠባል። የጀበናውንም አተላ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከደሴ