የሲክል ሴል ጥናት ከደህና ራጅ ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሲክል ሴል ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ደም ነው። እውነት ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሱ ማጭድ መስሎ የሚጣመመው ሄሞግሎቢኑ ስለተበላሸ ነው። ታካሚዎቹን ለሞት ከሚዳርጉት ዋና ዋና ችግሮች አንዱ ግን ሳንባ ላይ የሚወርደው ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ደረት ራጅ ስም አይወጣለትም። ሐኪሞች አኪዩት ቼስት ሲንድረም የሚሉት ሕመም ትርጓሜው ራሱ በራጅ የቆመ ነው፦ አዲስ የወጣ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሳንባ ሴግመንት (ከሳንባው ትናንሽ ክፍሎች አንዱን) የሚሸፍን ነጭ ጥላ፣ ከትኩሳት፣ ከደረት ውጋት፣ ከሳል ወይም ከትንፋሽ መፍጠን ጋር። «አዲስ» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን። በጅማ ስለዚህ በሽታ ጥናት ለመሥራት የሚያስቡ ሁሉ መነሻቸው እሷ ናት።

ጥላው አዲስ ነው ለማለት የድሮው ፊልም መኖር አለበት። ሳንባው ከዓመታት በፊት ጠባሳ ይዞ ይሆናል፤ በደም ማነስ ብዛት ልቡም ቀድሞ ሰፍቶ ይሆናል። ስለዚህ ታካሚው አገግሞ ለክትትል ሲመጣ ጥላው መጥፋቱን ለማየት የሚነሳው ራጅ ከሁሉ ይልቅ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ለሚቀጥለው ሕመም ማነጻጸሪያው እሱ ነው። የአንድ አዋቂ የደረት ራጅ ጨረር 0.02 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ሰው በ3 ቀን ውስጥ ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ብዙ አይርቅም። ሲክል ሴል ያለባቸው ልጆች ግን ዕድሜ ልካቸውን ራጅ ስለሚነሱ፣ ለጥናት ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ራጅ ማንሳት ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ያለ ወላጅ ስምምነት አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። በአሜሪካ 30 ማዕከላት 671 የአኪዩት ቼስት ሲንድረም ክስተቶችን የተከታተለው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ሆስፒታል የገቡት በሌላ ምክንያት፣ በተለይም በአጥንት ሕመም ነበር፤ ጥላው በራጅ የታየው በአማካይ ከ2 ቀን ተኩል በኋላ ነው። በገባበት ሌሊት የተነሳውን ንጹሕ ፊልም አይቶ «ሳንባው ደህና ነው» ብሎ መዝገብ የዘጋ ተመራማሪ ግማሹን በሽታ ሳያየው ይቀራል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ያለባቸውን ለሁለት ከፈለ፤ አንደኛው ወገን ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ 10 ጊዜ በኢንሴንቲቭ ስፓይሮሜትር (በትንፋሽ ማለማመጃ ዕቃ) በጥልቅ እንዲተነፍስ ተደረገ። ከእነዚህ 19 ክስተቶች የሳንባ ጉዳት በራጅ የታየው በ1 ብቻ ሲሆን፣ በዕቃው ካልተነፈሱት ወገን 19 ክስተቶች ግን በ8 ታየ። በአንዲት የፕላስቲክ ዕቃ የተገኘ ውጤት ነው። ሊለካ የቻለውም ታካሚዎቹ ከገቡ በኋላ ሁለተኛ ራጅ ስለተነሱ ነው።

ራጁ እንዴት ይነሳ? የጎድን አጥንቱ የሚያመው ልጅ ትንፋሹን በጥልቅ አይስብም። ባልተነፋ ሳንባ ግርጌ ላይ የደም ሥሮች ይጨናነቁና ጥላ ይመስላሉ፤ ትክክለኛው በሽታም የሚወደው ያንኑ ግርጌ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማስታገሻ ይሰጠው፣ እስኪሠራለት ይጠበቅ፣ ከዚያ ይነሳ። «ሳብ፣ ያዝ» የሚለው ትእዛዝም ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ወደ ጅማ በሪፈር የሚመጣው አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ብቻ አይናገርም፤ አኙዋኛና ኑዌርኛ ተናጋሪም አለ። መቆም የሚችል ሁሉ ቆሞ፣ ደረቱን ካሴቱ (ፊልሙን የያዘው ሳጥን) ላይ ለጥፎ፣ ከ180 ሴንቲሜትር ርቀት ከጀርባው ይነሳ። አልጋ ላይ ተኝቶ ከፊት የተነሳ ፊልም ልብን አግዝፎ ያሳያል፤ ከቆመው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ከገባ የልብ መጠን ልኬት ዋጋ አይኖረውም። ፊልሙ ሲወጣ ከድያፍራም በላይ 9 ወይም 10 የኋላ ጎድን አጥንት ይቆጠር፤ ክላቪክል የሚባሉት የአንገት ሥር አጥንቶች ከአከርካሪው መሃል እኩል መራቃቸውም ይታይ። በሲክል ሴል የፊልሙ ዳር ዳርም ይናገራል፦ ደም ያጣ የክንድ አጥንት ራስ፣ ከላይና ከታች መሃሉ የጎደጎደ የአከርካሪ አንጓ። ፎቶ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ትከሻው ነው።

ፎቶ ካልን ዘንድ፦ ብዙ መረጃ የሚበላሸው ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዞ በስልክ አንስቶ በቴሌግራም በመላክ ነው። ምስሉ ይጨመቃል፣ ስስ ጥላ ይጠፋል፣ የጣት ጥላ ደግሞ ይጨመራል። ዲጂታል ማሽን ካለ ዋናው የዳይኮም (ማሽኑ የሕክምና ምስል የሚያስቀምጥበት ዓይነት) ፋይል የታካሚው ስም ወጥቶለት፣ በኮድ ተሰይሞ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ሰዓቱም ይታረም። ማሽኑ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፣ ካርዱ ላይ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ 48 ሰዓት በሚቆጠርበት ጥናት ውስጥ የ6 ሰዓት ስህተት ሳይታወቅ ይገባል። ከመጀመሪያው ቀን አንዱ አቆጣጠር ይመረጥ።

ንባቡን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ሳንባ ምች ያወጣው አሠራር እዚህም ይበጃል፦ ሁለት አንባቢ ለየብቻ ያነብባል፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይዳኛል፤ የፊልሙ ጥራትም ለብቻው ይመዘገባል። አንባቢው የላቦራቶሪ ውጤትና የሌላውን አስተያየት አይይ። በኮምፒውተር የሚያነብ ሶፍትዌር ቢገኝም፣ ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የፈቀደው ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ያውም ለቲቢ ነው። ቲቢን የለመደ ሶፍትዌር በዚህ በሽታ ላይ ሳይፈተን ሊታመን አይገባም።

በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅንም አብሮ ይለካ። ከጋምቤላ ቆላ ተነስቶ ከ1,700 ሜትር በላይ ያለችው ጅማ የደረሰ ታካሚ ላይ ከፍታው ብቻውን ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ የራሱ የደህና ጊዜ ልኬት ከሌለ ከሳንባው ይሁን ከከፍታው አይለይም።

የመመረቂያ ጥናት የሚያጸድቁ መምህራን ንድፉን ሲያዩ ሁለተኛው ራጅ በስንተኛው ቀን እንደሚነሳና ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። ቤተሰቦችም፣ የልጃችሁ የቆየ ፊልም ቤት ካለ አትጣሉት፤ ጠቅልላችሁም በፌስታል አታስቀምጡት፣ በሙቀት ይጣበቃል። በካርቶን መሃል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ፣ ለክትትል ስትመጡ ይዛችሁት ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የራጅና የሕፃናት ሕክምና ባለሙያዎች
ከጅማ