ቆሞ የሚውለው ሰውዬ

በርሚንግሃም፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለገጠሙ ደሴ በምሳ ሰዓት ምን ትመስል ይሆን እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ቀን ሻይ ቤቱ ጭር ብሎ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ የሳምቡሳው ዘይት ሲንጫጫ ይታየኛል። እዚህም ሰፈሬ ግማሹ ጿሚ ነው። መግሪብ ሲደርስ ጎረቤቶቼ ቴምር በሳህን ይዘው በሬን ያንኳኳሉ።

በቴሌግራም የላክህልኝን ድምፅ ሰማሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በእንጨት ሥራው አብሮህ ስለሚሠራው ስለ አጎታችን ልጅ! መልሱን በስልክ ያልነገርኩህ ስለማውቅህ ነው፤ መሃል ላይ «እሺ እሺ ገባኝ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። መንገደኛም ስለተገኘ ከዕቃው ጋር አብሬ ላክሁት።

«እኔ ከማሽኑ ጋር ስታገል እሱ ቆሞ ይውላል» አልክ። ከዚያ ሁሉ ንግግርህ ጆሮዬ ላይ የቀረችው ይቺው ናት። እኔም አንድ ጊዜ ስለ አንድ ሰው ይህንኑ ቃል ተናግሬ ነበራ። ሰውዬው ማን መሰለህ? የዓለም ሻምፒዮን!

የምሠራበትን አዳራሽ በፎቶ አይተኸዋል። በየዓመቱ በዚህ ወር ኦል ኢንግላንድ የሚባለው የባድሜንተን (አንዲት ትንሽ ነገር በራኬት እየተመታች በመረብ ላይ የምትመላለስበት ጨዋታ) ውድድር እዚያ ይካሄዳል። ከ1899 ጀምሮ ያለ ትልቅ ውድድር ነው (ዓመቱንም ቀኑንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ)፤ ወደዚህ ከተማ የመጣው ደግሞ በ1994 ነው። ለእኛ ለጽዳት ሠራተኞቹ ግን የሙዝ ልጣጭና የጠርሙስ ሳምንት ማለት ነው። የምንሠራው ሁለት ሁለት ሆነን ነው፤ አንዱ ከፊት ጠርሙሱን ይለቅማል፣ ሌላው ከኋላ ይጠርጋል።

በ2014፣ ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት፣ የወንዶች ጥንድ ፍጻሜ ሲካሄድ የቆሻሻ ከረጢቴን ታቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ከመረቡ ወዲህ ሁለት ኢንዶኔዥያውያን፣ ከመረቡ ወዲያ ሁለት ጃፓናውያን። ከኢንዶኔዥያውያኑ አንዱ ሞሐመድ አሕሳን ይባላል፤ ከኋላ ዘሎ ሲደበድባት ድምፁ ጥይት ነው። ሌላው፣ ሄንድራ ሴቲያዋን፣ መረቡ ሥር ቆሟል። አይዘልም፣ አይጮህም፤ ነጥብ ሲያገባም ሲገባበትም ፊቱ ያው ነው። ባንክ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። አብራኝ ለምትሠራው ጋናዊት «ይሄ ሰውዬ ምን ሊሠራ መጣ? ቆሞ እኮ ነው የሚውለው» አልኳት። 21 ለ19፣ 21 ለ19 አሸነፉ። እኔም ዋንጫውን ያመጣው አሕሳን ነው ብዬ ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ።

ነገሩ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የሚመቱትን ነገር ልንገርህ፤ ኳስ አይደለም። አንዷን ከመቀመጫ ሥር አገኘኋትና ቤት አምጥቼ እንደ ጤፍ ለቀምኳት። አሥራ ስድስት የዝይ ላባ ግማሽ ድብልብል ቡሽ ላይ ዙሪያውን ተተክሏል፣ ወገቡ ላይ በክር ተጠፍሯል። ክብደቷ አምስት ግራም ገደማ ነው፤ መዳፍህ ላይ መኖሯንም አታውቅ። ከላባዎቹ አንዱ ከተሰበረ መንገዷን ትስታለች፤ ለዚህ ነው በአንድ ጨዋታ ብዙ ፍሬ የሚቀያይሩት።

ሜዳው ርዝመቱ 13 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 6 ሜትር ከ10 ነው። ሁለት ሰው ለዚያች ቦታ ይበዛል እንዳትል፣ ይሰፋባቸዋል። የሚያጠቃው ወገን አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ይሆናል፤ የሚከላከለው ጎን ለጎን ይቆማል። ላባዋን ሽቅብ ያነሳ ሰው ጉድ ፈላበት፤ ከወዲያ ያለው ዘሎ ያወርድበታል። ስለዚህ ትግሉ ሁሉ እሱ እንዲያነሳ፣ አንተ እንድታወርድ ነው። ሄንድራ የሚሠራው ይህንን ነው። ሰርቪሱን (የመክፈቻውን ምት) ሲቀበል በጣቱ ኃይል ብቻ በራኬቱ ነካ አድርጎ፣ የመረቡን አናት አስታክኮ፣ ሰውዬው ከማንሳት በቀር ምንም የማይችልበት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ አሕሳን ይመታል፣ ሕዝቡም ለአሕሳን ያጨበጭባል። ሄንድራ የማይሮጠው ደግሞ ላባዋ ከመምጣቷ በፊት እዚያ ስለሚደርስ ነው። እኔ ያየሁት መድረሱን አልነበረም፣ ከደረሰ በኋላ ያለውን መቆሙን እንጂ።

በነገራችን ላይ፣ ሳትዊክሳይራጅ የሚባል ህንዳዊ የጥንድ ተጫዋች በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር መትቶ በ2023 በዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ገብቷል። ምት ይለካል። በጣት ነካ ማድረግን የሚለካ መሣሪያ ግን እስካሁን አላየሁም።

ሰውዬው ጉዳዬ ሆነና ታሪኩን መከታተል ጀመርኩ። ጃቫ ደሴት ላይ ፔማላንግ በምትባል ከተማ በ1984 ተወለደ። የመጀመሪያ አጣማሪው ማርኪስ ኪዶ ይባላል፣ የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው። በ2007 ኳላ ላምፑር ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ ቻይናውያኑን ካይ ዩንና ፉ ሃይፌንግን በገዛ ሜዳቸው ገጠሙ። የመጀመሪያውን ዙር 12 ለ21 ተሸነፉ፤ ከዚያ 21 ለ11፣ 21 ለ16 ወርቁን ወሰዱ። እኛ ያኔ በቀነኒሳና በጥሩነሽ እልል ስንል፣ እዚያው ከተማ ሌላ አዳራሽ ውስጥ ይህ ይካሄድ እንደነበር የት አውቀን።

የጥንድ ተጫዋች ኑሮ እንዴት እንደሆነ ላስረዳህ። የዓለም ደረጃ የሚሰጠው ለጥንዱ እንጂ ለሰውየው አይደለም። አጣማሪህ ቁርጭምጭሚቱ ከዞረ አንተም ተቀመጥክ፤ ከተለያያችሁ ደረጃህን አዲስ ትሠራለህ። አያታችን አንዱ በሬ የሞተበትን ክረምት ታስታውሳለህ? የተዋሰውን በሬ ከቦራው ጋር ጠምዶ ሰኔን ሙሉ ሲጨቃጨቅ ነበር። አንዱ ሲስብ አንዱ ይቆማል፣ ትልሙም እንደ እባብ ይሄዳል። በሬዎቹ ሁለቱም ብርቱዎች ነበሩ እኮ።

ሄንድራ ግን ከኪዶ ተለይቶ ከአሕሳን ጋር ተጠመደና በ2013 ጓንግዡ ላይ፣ በ2015 ደግሞ ጃካርታ ላይ በአገሩ ሕዝብ ፊት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሄንድራ ክርስቲያን ነው፣ አሕሳን ሙስሊም። ይህን ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ስለሆነ አልፈዋለሁ።

በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ከምድባቸው እንኳ ሳያልፉ ቀሩ። ተለያዩ። ሄንድራ በማግሥቱ ዓመት ከማሌዥያዊው ታን ቡን ሄኦንግ ጋር ሞከረ፣ ያ የተዋሰ በሬ ሆነ። በ2018 ወደ አሕሳን ተመለሰ። ማን ማንን እንደለመነ አልሰማሁም። ያኔ ሁለቱም የልጆች አባት ሆነው ነበርና ተመልካቹ «አባቶቹ» ይላቸው ጀመር።

አሁን ወደ 2019 ልውሰድህ፣ ምክንያቱም እሷን ቀን በዓይኔ አይቻታለሁ። ፍጻሜው ላይ አሮን ቺያና ሶህ ዉዊ ዪክ ከሚባሉ የማሌዥያ ጎረምሶች ጋር ተገናኙ። ልጆቹ ገና ሃያዎቹን መጀመራቸው ነው፤ ሄንድራ 34 ዓመቱ። በዚያ ላይ ከግማሽ ፍጻሜው ያመጣው የባት ጉዳት ነበረበት። ከሜዳ ሜዳ ሲቀያየሩ ያነክሳል። የመጀመሪያው ዙር 11 ለ21 አለቀ። ጋናዊቷ «አባትህ ዛሬ አበቃለት» አለችኝ፤ አሥር ፓውንድ አስያዝኳት።

ከዚያ የሆነውን ቃል በቃል ልጽፍልህ አልችልም፣ ጨዋታ ነውና ይበራል። ያየሁትን ያህል ግን፣ ሄንድራ እንደ ወትሮው መድረስ ሲያቅተው ላባዋን ከበፊቱም ይበልጥ ዝቅ አደረጋት። ጎረምሶቹ ለመምታት ሲንደረደሩ የሚመታ ነገር አጡ። አሕሳን ደግሞ የራሱንም የእሱንም ሜዳ ተሸክሞ ከግራ ቀኝ ይሮጣል፤ አንድም ጊዜ ፊቱን ወደ ሄንድራ አዙሮ «ምነው?» ሲል አላየሁትም። 21 ለ14። 21 ለ12። እኔ ከረጢቴን ጥዬ ስጮህ አለቃችን ከደረጃው ላይ አየኝ፤ በማግሥቱ ስለዚህ ነገር ወረቀት ደርሶኛል። አሥር ፓውንዱ ግን ገብቷል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 25 ቀን ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ የዓለም ሻምፒዮናውን ፍጻሜ ከጃፓኖቹ ሆኪና ኮባያሺ ጋር 25 ለ23፣ 9 ለ21፣ 21 ለ15 አሸነፉ። ቀኑ ሄንድራ 35 ዓመት የሞላበት የልደቱ ቀን ነበር። ለእሱ አራተኛው የዓለም ሻምፒዮንነቱ ነው፤ አንዱ ከኪዶ ጋር፣ ሦስቱ ከአሕሳን ጋር።

የሚቀጥለውን ለእማዬ ስታነብላት ዝለለው፣ ማልቀስ ትወዳለች። ኪዶ ሰኔ 2021 ላይ፣ ታንገራንግ በምትባል ከተማ ባድሜንተን እየተጫወተ ሳለ ወደቀና በዚያው ቀን አረፈ። ልቡ ነው። ገና 36 ዓመቱ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሄንድራ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ሜዳ ላይ መረቡ ሥር ቆመ። በቴሌቪዥን ሳየው ፊቱ ያው ነው፣ የባንኩ ወረፋ። አሁን ግን እንደዚያ ብዬ መሳቅ አልቻልኩም። ለነሐስ ከእነማን ጋር ደረሳቸው መሰለህ? ከነዚያው ከማሌዥያ ጎረምሶች። የመጀመሪያውን ዙር አሸንፈው ሁለቱን ተሸነፉ፣ አራተኛ ወጡ። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜም እዚያው ቶኪዮ እነዚያው ልጆች አሸነፏቸው፤ ለማሌዥያ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮንነት ሆነ። ልጆቹ የሚገባቸውን ነው የወሰዱት። በ2019 ያንን ትምህርት ቁጭ ብለው ተምረዋል ብዬ አምናለሁ።

በ2023 አባቶቹ እኛ አዳራሽ እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ። የገጠሟቸው የአገራቸው ልጆች ፋጃርና ሪያን ናቸው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አሕሳን እግሩን ተጎዳ፤ ያም ሆኖ ሜዳውን ጥሎ አልወጣም፣ እያነከሰ ጨረሰው። ያን ጊዜ ደግሞ ሄንድራ ነበር አጠገቡ የቆመው።

ባለፈው ጥር ጃካርታ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ተሰናበቱ። ዘንድሮ እዚህ ኮሪያውያኑ ኪም ዎን ሆና ሴዎ ሰንግ ጄ ዋንጫውን ወሰዱ። ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም፤ እኔ ግን ዓይኔ መረቡ ሥር ሌላ ሰው ሲፈልግ ዋለ። ጋናዊቷም ባለፈው ዓመት ወደ ማንቸስተር ሄዳለች። አሁን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጠርሙሱን ሳልለቅም ይጠርጋል፣ እኔ ጠርጎ የጨረሰ ሲመስለኝ ይለቅማል። እስክንላመድ ነው።

አንተ ግን እስቲ ልጠይቅህ። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱን የወንበር ትዕዛዝ ማን አመጣው? እንጨቱ ሳይደርቅ እንዳይሸጡብህ ነጋዴው ጋ ሄዶ የሚቆመው ማነው? ዱቤውንስ ማን ይሰበስባል? አንተ እንደሆንክ ደንበኛ ፊት አፍህ ይያዛል፣ ከልጅነትህ ጀምሮ። የአጎታችን ልጅ ጥፋት የለበትም አላልኩም፤ የመብራቱን ሒሳብ አስተላልፎ ካስቆረጠባችሁ ተቆጣው፣ ደግ አደረግህ። «ቆሞ ይውላል» የምትለዋን ግን እኔ ፊት አትድገማት።

ዕቃውን በተመለከተ፦ ልጆቹ የጠየቁኝ አራት ራኬት፣ ሁለት ቱቦ ላባና አንድ ቱቦ ፕላስቲክ አለ። ደሴ ነፋስ ስላለ ላባዋን ውጭ አታውጧት፣ ለግቢ የፕላስቲኳ ትበቃለች። የላባው ቱቦ ላይ 75 የሚል ቁጥር ታያለህ፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ላባ ከልክ በላይ ይበራል፣ እዚህ የምንጠቀምበትን ብልክላችሁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲጋጭ ይውላል። ለዚህ ነው ዘገም የሚለውን ፈልጌ የገዛሁት።

ደግሞ ደረቅ አየር ላባውን ይሰባብረዋል። ከመጫወታችሁ በፊት ማታ የቱቦውን ክዳን በሁለቱም በኩል ክፈትና የፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰኮንድ ያዘው፣ ከዚያ ዝጋና አሳድረው። እማዬ ማድቤት ውስጥ ላባ በፈላ ውሃ ላይ ይዘህ ስታገኝህ ምን እንደምትል ከአሁኑ ይሰማኛል፤ «በሁዳዴ ዶሮ?» ብላ በመማሰያው እንዳትልህ፣ ቀድመህ ንገራት።

ወንድምህ