ያልተነበበው ፋይልና የምጣዱ ክዳን

ይድረስ፦ ለፓተንት መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ሳይነበብ ውድቅ የተደረገ የፈጠራ ማመልከቻን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤትዎ ማኅተም መትቶ ተቀብሏቸዋል፤ ቅጂያቸው እጄ ላይ አለ። ለመጀመሪያው መልስ አላገኘሁም። ለሁለተኛው «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ሦስተኛውን ይዤ ቢሮዎ በር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማታ በዜና አየሁዎት፣ ፈጠራን ስለማበረታታት ሲናገሩ። ስለዚህ አራተኛውን እርስዎ ባያነቡት ሌላው እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍኩት።

እኔ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የቴክኒክ ሥዕል ሠርቼ የምኖር ሰው ነኝ። ማመልከቻው ግን የእኔ አይደለም፤ እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች የሚያስረክቡ የጎረቤቴ ነው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ችግሩን የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲከደን እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ይሆንና መልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል። ጠብታው ያረፈበት ዓይኑ ይደፈናል፤ ሆቴሉም ያንን እንጀራ አይቀበልም። እትዬ ምናለሽ ተራ ድረስ ሄደው አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አገኙ። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ እየሠሩ እያፈረሱ በመጨረሻ የክዳኑን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው ቦይ አወጡለት። ውሃው የክዳኑን ግድግዳ ይዞ ይወርዳል፣ በቦዩ ይዞራል፣ በመያዣው በኩል ይወጣል። ሥዕሉን እኔ ሠራሁ፤ መግለጫውንም እኔ ጻፍኩ። የጠየቅነው ፓተንት የሚባለውን፣ መስፈርቱ ከፍ ያለውን የፈጠራ መብት አይደለም፤ የአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ፋይላችንን የያዘው አንድ ወጣት የፓተንት መርማሪ ነበር፤ ማመልከቻ መርምሮ መብት ይገባዋል አይገባውም የሚል ባለሙያ። ስሙን አልጽፍም፤ አሁን ካለበት የባሰ ቦታ እንዳይልኩት። እውነቱን ለመናገር መርማሪ ማለት ቅጽ ቆጥሮ ማኅተም የሚመታ ሰው ይመስለኝ ነበር። ይህ ልጅ ጽሑፉን ትቶ በሥዕሉ ጀመረ። ሦስተኛው ሥዕል ላይ፣ ክዳኑ ለሁለት ተቆርጦ የሚታይበት ላይ፣ እርሳሱን በቦዩ መንገድ አስኬደና ቀና ብሎ «እትዬ፣ ክዳኑን ሲያነሱት ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወዴት ይሄዳል?» አላቸው።

እኔና እትዬ ተያየን። እሳቸው ክዳኑን ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ነው ብድግ የሚያደርጉት፤ ያኔ ወደ መያዣው ያዘነብላል፣ ውሃውም ወደ መውጫው ይሄዳል። መልሱ እጃቸው ላይ ነበር፤ እኔ ወረቀት ላይ ግን አልነበረም። ባይጠይቀን ኖሮ ዋናው ነገር ሳይጻፍ ይቀር ነበር።

ቀጥሎ «አሉሚኒየም ብላችኋል። ሌላው በብረት ቢሠራውስ?» አለ። አርቅቁልኝ አላልኩትም፣ አላረቀቀልኝምም፤ ሥራው መጠየቅ ነው፣ ጠየቀ። እኔ ቤቴ ገብቼ «አሉሚኒየም» የምትለዋን አንዲት ቃል ሰረዝኳት። እሷ ሳትሰረዝ ብትቆይ እትዬ የሚያገኙት ወረቀት አንድ ቆርቆሮ በመለወጥ የሚከሽፍ ወረቀት ነበር። ከዚያ ተመሳሳይ ነገር ከዚህ በፊት ተሠርቶ እንደሆነ ፍለጋ ገባ። ዓለም አቀፉ የፓተንት አመዳደብ ከኤ እስከ ኤች 8 ክፍል አለው፤ የወጥ ቤት ዕቃ ኤ 47 ጄ ውስጥ ነው። ከዚያ ውስጥ ጠብታውን ሆን ብሎ ወደ ምግቡ የሚመልስ የውጭ አገር የድስት ክዳን አውጥቶ «ይኼ ይመልሳል፣ የእናንተ ያስወጣል፤ ልዩነቱን ጻፉ» አለን። ማሽን ያውቃል፣ ቋንቋ ያውቃል፣ ሕግ ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ማግኘት ቀላል ነው ብለው ያስባሉ?

ያስባሉ መሰለኝ፤ አንድ ወር ሳይሞላ ወደ ኤግዚቢሽን ዝግጅት አዛወሩት። ድንኳን ያስተክላል ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ መልስ መጣ፤ ሁለት መስመር። «ክዳን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ በመሆኑና የፈጠራ እርምጃ የሌለው ስለሆነ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም።» የትኛው ክዳን? የት የታተመ? መቼ? የለም። ለመጠየቅ ብንሄድ የክፍሉ ኃላፊ እየሳቁ «ምጣድ መክደን ደግሞ ፈጠራ ሆነ እንዴ?» አሉን። እትዬ መልስ አልሰጡም። ጣታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ቃጠሎ ያለበትን።

አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። 15 ዓመት የሚጠበቀው ፓተንት አዲስነት፣ የፈጠራ እርምጃ (የሙያው ሰው በቀላሉ የማይደርስበት መሆን) እና ኢንዱስትሪያዊ ተግባራዊነት ይጠየቃል። 5 ዓመት ተጠብቆ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደሰው አነስተኛ ፈጠራ ግን አዲስነትና ኢንዱስትሪያዊ ተግባራዊነት ነው የሚጠየቀው። ሕጉ ሁለተኛውን በር የከፈተው ለእትዬና ለመሰሎቻቸው ነው። የእርስዎ ሰው የሁለተኛውን በር አመልካች በመጀመሪያው በር መስፈርት መለሳቸው። ቅጹን አላነበበም ማለት ነው፤ ሥዕሉንማ ተዉት።

«የፈጠራ እርምጃ» ቦታውን ሲያገኝ ትልቅ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሰጠ። ያንን ፓተንት በኔዘርላንድ ያፈረሰው የሄግ ፍርድ ቤት ነው፣ በ2018፤ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ። በመካከሉ 11 ዓመት ሄዷል። ያኔ ሁላችንም «ጤፋችንን ቀሙን» ብለን ጮኸናል፤ እርስዎም ሳይጮሁ አልቀሩም። እዚያ ማንም እናት የምታውቀውን አዲስ ነው ብሎ የፈረመና እዚህ ማንም ያልሠራውን የቆየ ነው ብሎ የመለሰ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት።

ሙያው እንዲህ የሚናቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1909 በበርን የስዊዘርላንድ ፓተንት ቢሮ መርማሪ ነበር፤ ሦስተኛ ደረጃ የቴክኒክ ባለሙያ። እድገት ሲታሰብለት አለቃው የማሽን ቴክኖሎጂን ጠንቅቆ እስኪያውቅ ይቆይ ብለው አዘገዩት፤ ሁለተኛ ደረጃ የሆነው በ1906 ነው፣ ዓለምን ያነጋገሩትን ጽሑፎቹን ካወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ። እነሱ አንስታይንን የማሽን ሥዕል ማንበብ ይቅደም አሉት። እኛ ማንበብ የቻለውን ድንኳን ላክነው።

ብዙ አልጠይቅም። ልጁን ወደ ወንበሩ ይመልሱት። ውድቅ የተባለ ማመልከቻ ሁሉ ከየትኛው ቀደምት ሥራ ጋር እንደተነጻጸረ ይጻፍበት። የእትዬ ፋይል እንደገና ይከፈት።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬና እኔ ምጣዱን፣ አሮጌውን ክዳንና አዲሱን ይዘን ቢሮዎ እንመጣለን። ሊጡን እሑድ ያቦኩታል። የክፍሉ ኃላፊም ይገኙ፣ እየሳቁም ቢሆን። ከእርስዎ የምንፈልገው ምጣድ የሚችል አንድ ሶኬት ነው።

ሥዕል ሠሪው፣ ከፒያሳ