የቢሮ ስልክ የወንበሩ ይሁን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሐዋሳ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በሬ ላይ የተጻፈው «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጽሕፈት» ነው፤ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስልክ ቁጥር ነው። «እህቴ፣ እዚህ የነበረው ቢሮ የት ሄደ?»

ምክንያቱ ይገባኛል። ከተማችን ለዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ፣ በ2015 የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ቢሮዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ያውም አንድ ቦታ አልተሰበሰቡም፤ ሶዶ አሉ፣ አርባ ምንጭ አሉ፣ ዲላ አሉ፣ ሆሳዕና አሉ፣ ቡታጅራ አሉ።

በቅርቡ አንድ ጡረተኛ መምህር የአገልግሎት ማስረጃ ፍለጋ ከይርጋለም መጡ። በያዙት አሮጌ ደብዳቤ ራስጌ ላይ በ046 የሚጀምር ቁጥር አለ። ደወልን፤ አይሠራም። ዘበኛውን ጠየቅን። «አባቴ፣ እኔ እዚህ ከገባሁ ስድስት ወሬ ነው» አላቸው። እኔ ቁጥር የምጽፍበት ደብተር አለኝ (ከሥራዬ ሳይሆን ከመሰልቸት የተወለደ ደብተር ነው)፤ ከሱ ላይ የአንድ ኃላፊ ሞባይል አገኘሁ። ሰውየው በትሕትና አነሱ። «እኔ ከዚያ ከተነሣሁ ዓመት አለፈኝ፤ ማን እንደተተካም አላውቅም» አሉ። ጋሼ ሶዶ ይሂዱ ሆሳዕና ሳይለይላቸው መሸ፤ አልጋ ይዘው አደሩ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁጥሩ የሰውየው እንጂ የወንበሩ አይደለም፤ ሰውየው ሲነሣ በኪሱ ይዞት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ 905፣ ኔትወርክ ሲያስቸግር 994 እንደውላለን። ማን እንደሚያነሣው አናውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገንም።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሌለ ቢሮ ደግሞ ብርቅ ነው። ስብሰባው፣ ችግኝ ተከላው፣ ባነሩ ሁሉ ይለጠፋል፤ ስልክ ቁጥር ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ራሱና ስለ አገልግሎቱ ሳይጠየቅ እንዲያሳውቅ ግዴታ ከጣለበት ስንት ዓመት ሆነው!

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል በስሙ የወጣ ሲም ካርድ ይኑረው፤ ኃላፊ ሲቀየር እንደ ማኅተሙ ተፈርሞ ይረከቡት። የለቀቀ ቢሮ ደግሞ የአሁኑን ከተማና ስልኩን በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ጽፎ የድሮው በር ላይ ይለጥፍ። ወረቀቱን ያምጡልኝ፤ ዝናብ እንዳያበላሸው ላሚኔት የማደርገው በነፃ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ