ከካንሰር ጥናት ጋር የማይገናኘው የስቴም ሴል ሕክምናችሁ

ለሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ለፊኛ ካንሰር በተሰጠ «የስቴም ሴል ሕክምና» ላይ ቅሬታ ስለማቅረብ

አባቴ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀው ዕጢው ወደ ፊኛው ጡንቻ ሳይዘልቅ ነበር። ሐኪማቸው ዕጢውን ካወጡላቸው በኋላ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክትባት የሆነው) በቀጥታ ወደ ፊኛቸው እንዲገባላቸው አዘዙ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1976 ጠቀሜታው ከተዘገበ ወዲህ ሲሠራበት የኖረ ሕክምና ነው። በዚህ መካከል ግን «ስቴም ሴል የፕሮስቴትንና የፊኛን ካንሰር ከሥሩ ይነቅላል» የሚለው በራሪ ጽሑፋችሁ እጃቸው ገባ። ስቴም ሴል ማለት ራሱን እየተካ ሌሎች ሕዋሳትን የሚያስገኝ መነሻ ሕዋስ ነው። ቢሲጂውን ትተው ሦስት ወር ሙሉ ወደ እናንተ ተመላለሱ። አሁን ዕጢው ተመልሶ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል። ቢሲጂ ቢወስዱም ሊመለስ ይችል እንደነበር ሐኪማቸው ነግረውኛል፤ ስለዚህ በሽታውን በእናንተ ላይ አላላክክም። ሦስቱን ወር ግን እጠይቃችኋለሁ።

በማስረጃነት የጠቀሳችኋቸውን ጥናቶች ፈልጌ አነበብኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ራሳቸውን እየተኩ ዕጢውን የሚያድሱ፣ የካንሰር ስቴም ሴል የሚባሉ ጥቂት ሕዋሳት ከፕሮስቴት ካንሰር ተለይተው የወጡበት ነው። የ2009ኙ ተመሳሳይ ሕዋሳትን በፊኛ ካንሰር ውስጥ ያሳየ ነው። የ2015ቱን ደጋግሜ አነበብሁት፤ አባቴን የሚመለከት መሰለኝ። በኬሞቴራፒ የሚሞቱት ሕዋሳት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ እርሱም በሁለት የኬሞቴራፒ ዙሮች መካከል የተረፉትን የካንሰር ስቴም ሴሎች ቀስቅሶ ያበዛቸዋል። ሴሌኮክሲብ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ይህን በአይጦች ላይ ገትቶታል። ሦስቱም ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ካንሰሩ የራሱ ስቴም ሴሎች ነው፤ የተመራማሪዎቹም ጥረት እነርሱን ለማጥፋት ነው። ለታማሚ ሕዋስ ስለመስጠት አንድም ቃል የላቸውም። አረም ስለመንቀል የተጻፈ ወረቀት ይዛችሁ ዘር ትዘራላችሁ።

ይህን ስጠይቅ ሠራተኛችሁ ደም የሚያመነጩ ስቴም ሴሎች ለታማሚ የሚሰጡበትን የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ጠቀሱልኝ። እርሱ ለሉኪሚያና ለሌሎች የደም ካንሰሮች የተረጋገጠ ሕክምና ነው፤ የአባቴ በሽታ ግን የደም ካንሰር አይደለም።

ስለዚህ ለአባቴ ምን እንደተሰጣቸው፣ ሕዋሱ ከማን ተወስዶ የት እንደተዘጋጀ፣ በየትኛው ቀን ምን ያህል እንደገባላቸው የሚገልጸውን መዝገብ በሙሉ እንድታስረክቡኝ እጠይቃለሁ። ሐኪማቸው ቀጣዩን ሕክምና የሚወስኑት ይህን አይተው ነው፤ ከገንዘቡ በፊት መዝገቡ ይቅደም። ጥናት ነው የምትሉም ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና አባቴ የፈረሙት የስምምነት ቅጽ ይቅረብ። በእጃቸው ያለው የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። የከፈሉትም ሙሉ በሙሉ ይመለስላቸው፤ በራሪ ጽሑፉም ይሰብሰብ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ እናንተን ተማምነው የሆርሞን መርፌያቸውን እንዳቋረጡ ነግረውኛል። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ ስልካቸው ግን በመዝገባችሁ አለ። ለእኔ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ለእርሳቸው ደውላችሁ ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱ ንገሯቸው።

ከሰላምታ ጋር
የታማሚው ልጅ