ያ ዓሣ እዚያ ምን ይሠራል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ስቴም ሴል (ገና ሌላ ዓይነት ሴል መሆን ስለሚችለው ሴል) እና ስላልታወቁ የሰው ፕሮቲኖች የጻፋችሁትን አየሁት። ጽሑፉስ ይሁን። ፎቶው ግን! የእኛ የሐዋሳው አሞራ ገደል ጥብስ ዓሣ፣ ከጎኑ ሎሚና ዳጣ። ከሥሩ ደግሞ «የፕሮቲን ምንጭ» ይላል።

ሐዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰኞ ጠዋት ገና ጠመኔ ሳላነሳ አንዱ ተማሪዬ ስልኩን ዘረጋልኝ። «ቲቸር፣ ያልታወቀው ፕሮቲን እኛ ሐይቅ ውስጥ ነው እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ትምህርት ከአንድ ሳህን ዓሣ ጋር ተበላ።

እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር። የዓሣውን ፕሮቲን ሆዳችን ወደ መገንቢያ ጡቦቹ፣ ወደ አሚኖ አሲድ፣ ይበታትነዋል። ሴሎቻችን ከዚያ የራሳቸውን ይገነባሉ። ወሬው ስለ እነዚህኞቹ ነው። የፕሮቲን አሠራር የተጻፈባቸው ጂኖቻችን 20 ሺህ ገደማ ናቸው። እስከ 2020 (በፈረንጅ) ከፕሮቲኖቹ 90 በመቶ ያህሉ በማስረጃ ተገኝተዋል። የቀሩት አስቸጋሪዎቹ ናቸው። አንዳንዱ መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። አንዳንዱ ፅንስ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከተገኙትም የብዙዎቹ ሥራ ገና አልታወቀም።

ስቴም ሴል የገባው እዚህ ጋ ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥ፣ በ2007 የሰው የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት መለሰ። በ2012 ከጆን ጉርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ያ ሴል የልብ ሴል እንዲሆን ይደረጋል፤ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ትር ትር ሲል በማይክሮስኮፕ ይታያል። ተመራማሪዎቹ እስኪለወጥ ድረስ የትኛው ፕሮቲን መቼ ብቅ እንደሚል ይከታተላሉ። ከዚያ አንዱን ጂን ያጠፉና ምን እንደሚበላሽ ያያሉ። ፊውዝ ነቅሎ የትኛው ክፍል እንደጨለመ እንደማየት ነው። ዓሣ መጥበስ አይደለም። (ጠባሾቻችንን አትንኩብኝ፤ የቅዳሜ ደንበኛቸው ነኝ።)

የከነከነኝ ሌላም አለ። ያነጋገራችኋቸው ሁሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ሐዋሳ የመጣው ካሜራችሁ ብቻ ነው፤ እሱም ለዓሣ። እዚህ ማይክሮስኮፕ የነካ ሰው የለም ያላችሁ ማነው? ለእናንተ ሐዋሳ ማለት ሐይቅ፣ ዓሣና የጫጉላ ሽርሽር ነው መሰለኝ።

አምናም ስለ ደም ዓይነት የተሳሳታችሁትን ለማረም ጽፌ ነበር። መልሱን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ለዚህኛው ማረሚያ ካወጣችሁ አደራ፣ የእንቁላል ፎቶ እንዳትለጥፉበት።

የባዮሎጂ መምህር
ከሐዋሳ