የ1982ቱ የኬሪና የኦፋሊ ፍጻሜ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ሙግት ስንገናኝ እንጨርሰዋለን፤ ዛሬ ኳስ ላውራህ። ከአየርላንዶች የጌሊክ እግር ኳስ ፍጻሜዎች አንዱን ምረጥ ብትለኝ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 ደብሊን፣ ክሮክ ፓርክ ላይ ኬሪና ኦፋሊ የተባሉት ካውንቲዎች (አውራጃዎች) ቡድኖች የተገናኙበትን እመርጣለሁ።

ደንቡ ካልገባህ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አይጥሙህምና እሱን ላስቀድም። በየወገኑ 15 ሰው ይሰለፋል። ኳስ በእጅ ይያዛል፤ ነገር ግን ከአራት እርምጃ በላይ ይዞ መሮጥ ክልክል ስለሆነ ተጫዋቹ ወይ ያነጥረዋል፣ ወይ በእግሩ ጫፍ መትቶ ወደ እጁ ይመልሰዋል። አከታትሎ ሁለት ጊዜ ማንጠር ጥፋት ነው። በዚያን ጊዜ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈ ኳስ 1 ነጥብ፣ መረብ ውስጥ የገባ ደግሞ 3 ነጥብ ያስገኝ ነበር። 1-15 ተብሎ ሲጻፍ አንድ ጎልና 15 ነጥብ፣ በድምሩ 18 ማለት ነው።

ኬሪ ከ1978 እስከ 1981 አራቱንም ዋንጫ ወስዳለች፤ የመጨረሻውን ያሸነፈችውም ኦፋሊን ነው። አምስት ተከታታይ ዋንጫ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ማንም አላገኘም። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፣ የሚሰለፉትም ለየካውንቲያቸው ነው። ስለዚህ እንደ ኦፋሊ ያለች ትንሽ ካውንቲ ኮከብ ገዝታ ልትጠናከር አትችልም፤ አሰልጣኙ ዩጂን ማጊም ቡድኑን የገነባው ባለው ልጅ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ጎል ነው። እኔ ግን ጨዋታው የዳነው ቀደም ብሎ ነው ባይ ነኝ። በሁለተኛው አጋማሽ ኬሪ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ ማይኪ ሺሂ መታው፣ ግብ ጠባቂው ማርቲን ፈርሎንግ አዳነው። ያ ኳስ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ለኋላው ጎል ቦታ አይተርፍም ነበር።

ያም ሆኖ ኬሪ 0-17 ለ 0-13 መራች። የኦፋሊው ማት ኮነር ሁለት ቅጣት ምቶችን በአግዳሚው ላይ አሳልፎ ልዩነቱን ወደ ሁለት አወረደው። ሂሳቡን ልብ በል፦ አራት ነጥብ ሲቀር ጎልም አያድንም፤ ሁለት ሲቀር ግን አንድ ጎል ያስመራል።

ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ሊያም ኮነር ረጅም ኳስ ወደ ግቡ ላከ። የኬሪው ተከላካይ ቶሚ ዶይል ዘሎ ሳተው። ከኋላው የቆመው ተቀያሪው ሼመስ ዳርቢ ይዞ ዞረና በኬሪው ግብ ጠባቂ በቻርሊ ኔሊጋን ራስ ላይ አሳልፎ መረቡ ውስጥ ቀረቀረው። ኬሪዎች ዶይል በጀርባው ተገፍቷል ይላሉ፤ ዳኛው አላፏጨም። ኬሪ አቻ ለመሆን ጊዜ ነበራት፣ አንድ ነጥብም ይበቃት ነበር፤ አልሆነላትም። ኦፋሊ 1-15፣ ኬሪ 0-17።

በሚቀጥለው ዓመትም ኮርክ በሙንስተር (ኬሪ ያለችበት ክፍለ ሀገር) ፍጻሜ ላይ በመጨረሻ ደቂቃ ጎል ኬሪን አሰናበተቻት። ከዚያ ኬሪ ከ1984 እስከ 1986 ሦስቱንም ዋንጫ ወሰደች፤ ስለዚህ ያ ሽንፈት የቡድኑ ማርጀት ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። አምስቱን ተከታታይ በመጨረሻ ያሳካችው ደብሊን ናት፣ በ2019።

የጎሉ ምስል በቀላሉ ስለሚገኝ ፈልገህ እየው። ኳሱን ትተህ የዳርቢን እጆች ተመልከት፤ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድህን ጻፍልኝ።

ወዳጅህ